ገና ያልተለቀቀ ክር

«ክራር ይሁንልን» አሉኝ። ሦስቱም ወጣቶች ናቸው፤ ሙዚቃ መሥሪያ መተግበሪያ ሠርተው አርማ ፍለጋ ወደ እኔ መጡ። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ከፊቴ አስቀመጠው። ቅኝት የሚመረጥበት ገጽ ተከፈተ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲን ነካው። የዚያ ቅኝት አምስት ድምፆች ብቻ ተደረደሩ፤ ሌላ ድምፅ ስለሌለ ጣት የትም ቢያርፍ ከቅኝቱ አይወጣም። ከበሮ ጨመረበት፣ በላዩ አንጎራጎረ፣ ቀዳው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። መሣሪያ ነክቶ የማያውቅ ሰው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ዜማ ሊሠራ እንደሚችል በዓይኔ አየሁ፤ ሥራውን የተቀበልኩት በዚያች ቅጽበት ነው። የመተግበሪያውን ስም ባለቤቶቹ ገና ለሕዝብ ስላላወጡት እዚህ አልጽፈውም።

ክራር የሚለው ሐሳብ ለእኔም ደስ የሚል ነበር። መልኩ ራሱ ተነድፎ ያለቀ አርማ ይመስላል፦ ሁለት ምሰሶ፣ ከላያቸው የተጋደመ ቀንበር፣ ከሥር ክብ ገበቴ፣ ከቀንበሩ ተነሥተው ክሮቹን በገበቴው ላይ ደግፎ በሚይዘው በርኩማ ላይ የሚሰበሰቡ ስድስት ክሮች። በሦስት ቀን አሥራ አራት ክራር ሣልኩ፤ ቀጥ ያለ፣ ያዘነበለ፣ ከጎን የታየ፣ ገበቴው ብቻ የቀረ፣ ክሩ ብቻ የቀረ። በትልቁ የኮምፒውተር ማያ ላይ ሁሉም ያምሩ ነበር። ወደድኳቸው፤ የወደዱትን ነገር ደግሞ አሳንሶ ማየት ያስፈራል፣ ስለዚህ እስከ አራተኛው ቀን ድረስ አላሳነስኳቸውም።

የስልክ መተግበሪያ አርማ ሕንጻ ላይ እንደሚሰቀል ምልክት አይደለም። ያው አንዱ ሥዕል ለአፕል መደብር በ1024 ፒክስል፣ ለጉግል ፕሌይ በ512 ፒክስል ይቀርባል፤ ከዚያ እየወረደ በአንድሮይድ መነሻ መጠን 48 በ48 ፒክስል ይደርሳል። ሰው በየቀኑ የሚያየው ትልቁን ሳይሆን ትንሹን ነው። ክራሬን ወደ 48 አወረድኩት። በርኩማው ላይ ክሮቹ ለሚሰበሰቡበት ቦታ የቀረልኝ ስምንት ፒክስል ነበር። ስድስት ክርና በመካከላቸው ያሉት አምስት ክፍተቶች ግን ቢያንስ አሥራ አንድ ፒክስል ይፈልጋሉ። ኮምፒውተሩ ክሩንና ክፍተቱን አደባልቆ አመድማ ጭጋግ አደረገው። ክሩ የጠፋ ክራር ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እጀታው የረዘመ መጥበሻ ይመስላል።

ሌላም አለ። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ አርማው 108 በ108 አሃድ በሆነ ሸራ ላይ ተሠርቶ ይላክና ስልኩ ራሱ በፈለገው ቅርጽ ይቆርጠዋል፤ አንዱ ስልክ ክብ ያደርገዋል፣ ሌላው ማዕዘኑ የለዘበ ካሬ። ምንም ቢመጣ አይቆረጥም ተብሎ የሚታመነው መሐል ላይ ያለው ስፋቱ 66 የሆነ ክብ ብቻ ነው። ክራር ደግሞ ሰፊ ቦታ የሚይዘው ላይኛው ጫፉ ላይ ነው። ክቡ መጣና የቀንበሩን ሁለት ጫፎች ወሰዳቸው።

ክሮቹን ወደ ሦስት ቀንሼ፣ ቀንበሩን አሳጥሬ መቀጠል እችል ነበር። ብዙ ባለሙያ እንዲህ ያደርጋል፣ ክፉ መፍትሔም አይደለም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክራር በአርማ ላይ ሲሣል ምን ይላል? የባህል ምግብ ቤቶችን ደጃፍ፣ የድሮ ካሴት ሽፋኖችን፣ የጎብኚዎችን መጽሔት አሰብኩ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ክራር አለ፣ በሁሉም ላይ «ባህል» ይላል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የሚከበር፣ የማይነካ። ወጣቶቹ ያሳዩኝ ግን ሰው እጁን እንዲያስገባበት የተሠራ ነገር ነበር። ክራሩን ተውኩት። ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ፣ ግን ሰሙኝ።

«እንግዲያስ ኖታ አድርጊው» አለ አንደኛው። ይህን ቶሎ ነው ያለፍኩት። ባለ ጅራቷ ጥቁር ነጥብ ሙዚቃ መኖሩን ትናገራለች፣ ከዚያ ያለፈ አትናገርም፤ መተግበሪያውን የሚከፍቱት ሰዎችም አብዛኞቹ ኖታ አያነቡም። ደግሞም ሞልታለች። የቲክቶክ አርማ ራሱ ከእሷ የተወለደ ነው።

ሌሎች ምን እንዳደረጉ ማየት ግን ነበረብኝ። ያየሁት ነገር ሐሳቤን ስላስተካከለው እዚህ ትንሽ ልቆይ። የማዳመጫ መተግበሪያዎች የሚስሉት የወጣውን ድምፅ ነው። ስፖቲፋይ ሦስት ቅስቶችን በክብ ውስጥ አስቀመጠ፤ እየሰፋ የሚሄድ ሞገድ ናቸው። ሳውንድክላውድ ደመና ሣለ፣ የደመናው ግራ ጎን ግን እንደ ተቀዳ ድምፅ ወደ ቋሚ መስመሮች ይለወጣል። ድምፁ ወጥቷል፣ ወደ ጆሮ እየመጣ ነው። የመሥሪያዎቹ ሁኔታ የተለየ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጋራዥባንድ ጊታር ነው፤ ጊታሩ ቆሟል፣ ማንም አልያዘውም። ኤፍኤል ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሩቲሉፕስ ተብሎ ሲወጣ ከስሙ ጋር ፍሬ ይዞ መጣ፣ ስሙ ተለውጦም ፍሬው ቀረ። የማውቃቸው ቢት ሠሪዎች ያንን ፍሬ ሲያዩ እጃቸው ይቁነጠነጣል፤ ይህ ግን የሥዕሉ ኃይል ሳይሆን የሃያ ምናምን ዓመት ልምድ ነው። የበርሊኑ ኤብልተን አራት ቋሚና አራት አግድም መስመር ብቻ አለው። ከሁሉም እሱን አከብራለሁ፤ ምንም ሳይስል ሥርዓትን ያሳያል። ቢሆንም ሰው የለበትም። በአንዱም ላይ የሚሠራውን ሰው አላገኘሁትም።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። የቤተ ክርስቲያንን የዜማ መጽሐፍ ድጓን ጋይንት፣ ቤተልሔም ተቀምጠው የተማሩ፣ አሁን አዲስ አበባ በአንድ ደብር የሚያገለግሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስጠጣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ተነሥተው በጨርቅ የተጠቀለለ ድጓቸውን አምጥተው ጭናቸው ላይ ገለጡት። ዋናው ጽሑፍ ደልደል ባለ ፊደል ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ግን እንደ ጉንዳን ረድፍ ደቃቅ ፊደላትና ምልክቶች ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ አይቼው ነበር፣ አንድም ቀን ግን እንደ ዲዛይነር አላየሁትም።

ዜማው የስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ነው። ምልክቶቹን ግን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው ይነገራል። አጎቴ በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ጠሩልኝ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። አንዱን ሲጠሩ በድምፃቸው ያሳዩኛል። ድፋት ላይ ድምፃቸው ተደፋ። ርክርክ ላይ ጉሮሯቸው ተንቀጠቀጠ። ቁርጥ ላይ ቆረጡት፣ ክፍሉም ጸጥ አለ።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህ ምልክቶች መሣሪያ አይስሉም፣ ድምፅም አይስሉም። ለጉሮሮ ሥራ ያዝዛሉ፤ ያዝ፣ ድፋ፣ አርከርክር፣ ቁረጥ። አብዛኛው ስማቸው ከግሥ የተወለደ ነው። ሳስስ የነበርኩት ይህንን ነው ብዬ አመንኩ። የሚያውቃቸው የማይመስለን ኮምፒውተር እንኳ ያውቃቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 4.1፣ አሥር የዜማ ምልክቶች ከፊደላችን ተጨማሪዎች ጋር ገብተዋል። ያን ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራሁ። ከላይ ድፋት፣ ከሥሩ ሦስት የርክርክ ነጠብጣብ። ወደ 48 ሳወርደው ምንም አልጠፋም። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ለአጎቴ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። ዝምታቸው ሲረዝም ልቤ ፈራ።

«ይህ ነጠብጣብ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ርክርክ ነው፣ እርስዎ ነገሩኝ።»

«የዜማውን ነገርኩሽ። ምሥጢሩን አልነገርኩሽም» አሉና ነገሩኝ። በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ ምልክቶቹ የክርስቶስ ሕማማት ምሳሌ ናቸው። ይዘት መያዙ ነው። ሂደት ከአደባባይ አደባባይ መንገላታቱ ነው። ጭረት በገላው ላይ የወጣው የጅራፍ ሰንበር ነው። ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ነው።

ስልኬን ተቀበልኳቸው። በዚያ ነጠብጣብ ላይ ሰው አውራ ጣቱን እያሳረፈ የሠርግ ዘፈን፣ የራፕ ምት፣ የቀልድ ድምፅ ሊሠራ ነው። አጎቴ አልተቆጡም። «አትሥሪው አላልኩም» አሉኝ። «የምትሠሪውን ዕወቂ።» ከቁጣ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ከሦስቱ ወጣቶች አንዱ ሙስሊም እንደሆነም አሰብኩ፤ መንዙማ ሊቀዳ የሚፈልግ ሰው ይህንኑ መተግበሪያ ይከፍታል። የአንድን ቤት ቅዱስ ነገር አውጥቶ የሁሉም ገበያ ላይ ማቆም ለቤቱም ለገበያውም አይሆንም። ስለ ቅርስ «መነሻ ሐሳብ» ነው እያልን የምንወስደው ነገር ባለቤት እንዳለው እንረሳለን፤ እኔም ለአንድ ሌሊት ረስቼው ነበር። ፋይሉን አጠፋሁት፤ አስቀምጬው ቢሆን ኖሮ ቀነ ገደብ ሲያስጨንቀኝ እመለስበት ነበር። ግሡን ግን ያዝኩት።

ክራር የምትጫወት አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ወደ ልምምድ ቦታዋ ሄድኩና «ሙዚቃውን ሳይሆን እጅሽን ላይ መጣሁ» አልኳት። ሳቀችና ተጫወተች። በግርፍ ስትጫወት ቀኝ እጇ ስድስቱንም ክር በአንድ ጊዜ ይጠርጋል፤ ታዲያ ስድስቱም አይጮኹም። ግራ እጇ ከክሮቹ ኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን ይዟቸዋል፣ የሚሰማው ጣት የተነሣለት ክር ነው። ይህን በዕድሜዬ ሁሉ ስሰማው ኖሬ አላውቅም ነበር። ከዚያ በድርድር ተጫወተች፣ ክሩን አንድ በአንድ በጣቷ እየሳበች። በስልኬ የዝግታ ቀረጻ ቀዳኋት።

ቤት ገብቼ ምስሉን አንድ በአንድ አቁሜ አየሁት። ጣቷ ክሩን ይነካል፣ ወደ ጎን ይስበዋል፣ ይለቃል። ከተለቀቀ በኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፣ ክሩ ጥላ ይሆናል፤ ያ ሞገዱ ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ የሣሉት። ከመለቀቁ በፊት ግን አንዲት ምስል አለች፦ ክሩ ተስቧል፣ ጣቱ ይዞታል፣ ድምፅ የለም። ሊወጣ ያለው ድምፅ ሁሉ በዚያች ጥግ ተጠራቅሟል። የማዳመጫ አርማ ከዚያች ምስል በኋላ ይጀምራል። የመሥሪያ አርማ እዚያች ምስል ላይ መቆም አለበት።

መጀመሪያ በስሕተት አጉብጬ ሣልኩት፤ የተሳበ ክር የሚጎብጥ ይመስለኝ ነበር። ቅንፍ ሆነብኝ፣ ቆይቶም ደጋን። ወደ ቀረጻው ተመልሼ በማያው ላይ ማስመሪያ አስጠጋሁ። ክሩ አይጎብጥም፤ ይታጠፋል። ከቀንበሩ እስከ ጣቱ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከጣቱ እስከ በርኩማው ሌላ ቀጥ ያለ መስመር፣ በመካከላቸው አንድ ማዕዘን። መጉበጡና መወዛወዙ የሚመጣው ከተለቀቀ በኋላ ነው። ይህን ስረዳ ሥዕሉ በአንድ ጊዜ ጠነከረ፤ ጣቱን ነጥብ አድርጌ ማዕዘኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። አንድ የታጠፈ መስመር፣ አንድ ነጥብ። ስድስት ክር የነበረው ሥራ ሁለት ነገር ሆነ።

ለወጣቶቹ ሳሳያቸው ሦስተኛው፣ ብዙ የማይናገረው ልጅ፣ ወዲያው «ይህ እኮ የማጫወቻ ምልክት ነው» አለ። ልክ ነበር። ክሩን መሐሉ ላይ ወደ ቀኝ ስበሽ ካጠፍሽው፣ ዓይን የጎደለውን ጎን ሞልቶ ያችን ባለ ሦስት ማዕዘን ያያል። ከሁሉ ምልክት የሸሸሁት እሱን ነበር፤ «ተቀምጠህ አዳምጥ» የሚለውን። ሁለት ቀን ተብሰለሰልኩ። መልሱ ቀረጻው ላይ ነበር፦ የልጅቱ ጣት ክሩን የሚስበው መሐሉ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ነው። ከሥሩ የክሩ ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል እስኪቀር ድረስ ማዕዘኑን አወረድኩት። ላይኛው መስመር ረዘመ፣ ታችኛው አጠረ፣ የማጫወቻ ምልክቱም ጠፋ። እውነቱን መከተል ቅርጹንም አዳነው።

ከዚያ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው። በ108ቱ ሸራ ላይ ክሩ 56 ይረዝማል፣ 7 ይወፍራል፣ ነጥቡ 12 ይሰፋል፤ በ66ቱ ክብ ውስጥ ጫፉ ሳይነካ ይቀመጣል። ከሸራው ለዓይን የሚቀረው መሐሉ 72 ያህል ስለሆነ በ48 ፒክስል ሲታይ ክሩ ከአራት ፒክስል በላይ ውፍረት አለው፣ ጭጋግ አይሆንም። አንድሮይድ ማሳወቂያ ሲልክ ከላይ የሚታየውን ደቃቅ ምልክት ቀለሙን ሁሉ ገፎ ነጭ ቅርጽ ብቻ ያደርገዋል፤ እዚያም ክሩ ክር ነው፣ ነጥቡም ጣት። መገናኛ ላይ በቀትር ፀሐይ፣ ማያው በተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ሞከርኩት። ታየ።

ቀለም ላይ ተከራከርን። አንደኛው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ፈለገ። እነዚያ ቀለማት ስለ አገር ሲናገሩ ድምፃቸው ትልቅ ነው፣ እዚህ ደግሞ የአንዲት ጣት ትንሽ ሥራ መሰማት አለባት፤ አብረው ከመጡ ጣቷ አትሰማም አልኩት። መደቡን ዳማ፣ ክሩንና ነጥቡን የብራና ቀለም አደረግሁ። የስሙ ፊደል ላይ ብዙ አልተጨነቅሁም፤ ውፍረቱ ከክሩ ጋር እኩል እንዲሆን ብቻ አስተካከልኩት። ፊደላችን ላይ እንደ ልብ የሚመረጥ የፊደል ዓይነት አለመኖሩ ግን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ በዚህ ሥራ ላይም ከአምስቱ ፊደላት ሁለቱን በእጄ እንደገና መሣል ነበረብኝ።

ለአጎቴ እንደገና አሳየኋቸው። እንደ ልማዳቸው ስልኩን አራቁት። «ክራር ነው በገና?» አሉኝ። «የፈለጉት ይሁን» አልኳቸው። ትንሽ አይተው «አንድ ክር ከሆነማ መሰንቆ ነው» አሉና መለሱልኝ።

የመጨረሻው ክርክር የተነሣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ወጣቶቹ መተግበሪያው ሲከፈት ክሩ በራሱ ተለቆ እንዲርገበገብ፣ አብሮም የክራር ድምፅ እንዲሰማ ፈለጉ። ሠርተውም አሳዩኝ፤ ያምራል። እኔ ግን አልተስማማሁም። ተጠቃሚው ገና ምንም ሳይነካ ክሩ ከተለቀቀ፣ የእሱን ድርሻ እኛ ወሰድንበት ማለት ነው አልኳቸው። ሳምንት ሙሉ ተጻጻፍን። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ መተግበሪያው ሲከፈት ክሩ እንደተሳበ ዝም ብሎ ይቆያል። ሰውየው ቅኝቱን መርጦ የመጀመሪያውን ድምፅ በራሱ ጣት ሲነካ ያን ጊዜ ይለቀቃል፣ አንድ ጊዜ ይርገበገባል፣ የሚሰማውም ያ የነካው ድምፅ ነው።